የእንግዳ አምበል ሳህን

ኢዳሊና ነገሩን የሰማችው ሽንኩርት እየከተፈች ነው። እዚህ ሃሚልተን ያለውን የእግር ኳስ ክለባችንን ማዕድ ቤት ከመጠጥ ቤቱ የምትለየው ሳህን የሚቀባበሉባት አንዲት መስኮት ናት፤ መዝጊያዋ ከላላ ቆይቷል፣ ስብሰባ በመጣ ቁጥር «ትሠራ» ይባላል እንጂ በዚህ ሁሉ አናጺና ግንበኛ መሃል የሚሠራት አልተገኘም። ወንድሟ ጓልተር፣ የክለቡ ፕሬዚዳንት፣ ከመስኮቷ ወዲያ ቆሞ በስልክ ያወራል። ገና ማለዳ ስለሆነ ማንም የለም ብሎ ድምፁን አልቀነሰም። «ስድስት ቁጥር ያንተ ነው አልኩህ፤ በቃ» ይላል። «ለሚመጣው ዓመት ማሊያው ላይ ስምህን አስጽፋለሁ። ማታ እራት ላይ እስክናስታውቅ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። እህቴን ለእኔ ተዋት፣ እኔ አናግራታለሁ። በል ካይል፣ ሜዳ እንገናኝ።»

ካይል የሚባል ሰው ኢዳሊና የምታውቀው አንድ ብቻ ነው። እሱም የኦሻዋው ክለብ ተከላካይ ካይል ብራኒጋን፣ በግንቦት ወር የልጇን የዴሊዮን እግር ከጉልበቱ በታች በሸርተቴ የሰበረው ቀይ ጠጉራም ሰውዬ ነው። ስድስት ቁጥር ደግሞ የዴሊዮ ማሊያ ነው። ሐኪሞቹ ብረት ካስገቡለት ወዲህ ልጁ በዱላ እየሄደ ነው፤ ከታገሰ በሚመጣው ሚያዝያ ሊጫወት ይችላል ተብሏል። ኢዳሊና በጋውን የገፋችው ይህቺን «ሊጫወት ይችላል» የምትለዋን ቃል ይዛ ነው። ማሊያው ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ልጇ ክፍል በር ላይ ተሰቅሏል። አሁን የገዛ ወንድሟ ከዚያ አውርዶ እግሩን ለሰበረው ሰው ሊያለብሰው ነው። መጀመሪያ የተሰማት እፍረት ነበር፣ እሷ ራሷ አንድ ነገር ስትሰርቅ የተያዘች ይመስል። ቁጣው ኋላ መጣ፤ ሲመጣም መውጫ አጥቶ እጇ ላይ ቀረና ሽንኩርቱ ከሚገባው በላይ ደቀቀ።

ጓልተር ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ማዕድ ቤቱ ብቅ ሲል ያያት ጊዜ ክው አለ። መቼ እንደገባች ጠየቃት፤ አሁን ነው አለችው። ጓልተር የሲሚንቶና የጂፕሰም ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ሠራተኛ ላይ ሲጮህ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፤ እህቱ ፊት ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቃል ያጥረዋል። ማቀዝቀዣውን ተደግፎ ሥጋው ስንት እንደገባ ጠየቀ። ፓውንዱ ዘጠኝ ዶላር አለችው። ባለፈው ዓመት ሰባት እንደነበር አስታወሰ። ሁሉም ነገር ጨመረ አለች፤ ጨመረ አለ። የድስቱን ክዳን አንስቶ አየና መለሰው። «እህት ዓለም...» ብሎ ጀመረ፣ ቀና ብላ ስታየው ግን ዳቦው ደረቅ ያለ ይሁን ብሎ ወጣ። ደረቅ ዳቦ ከመቼ ወዲህ ነው ጓልተርን ያሳሰበው? ኢዳሊና ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ከጠራችው ግን ነገሩ እውነት ይሆናል፣ ስለዚህ ዝም አለች። በእነሱ ቤት ዝምታ ከአባት የተወረሰ ነው፤ ከርስቱ ይልቅ እሱን ነው እኩል የተካፈሉት።

ዓመቱ እንኳን ለጠብ ለእርቅም አቅም የሚተው ዓመት አልነበረም። ሚያዝያ ላይ ስንጀምር በረዶ ቀላቅሎ ነበር የሚዘንበው፣ ሰው ሰራሹን ሳር በአካፋ የጠረግነው እኛው ነን። አሠልጣኙ ሰኔ ላይ የተሻለ የነዳጅ ገንዘብ የሚሰጥ ክለብ አግኝቶ ጥሎን ሄደ። ግብ ጠባቂያችን ነርስ ነው፣ ተረኛ በሆነ ቁጥር ተጠባባቂው ይገባና ግቡ ወንፊት ይሆናል። ኦታዋ ድረስ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ሄደን በዚያው ቀን ተመልሰናል፤ ሰኞ ንጋት ላይ ግንባታ ቦታ መገኘት ስላለባቸው ግማሾቹ የሥራ ጫማቸውን ይዘው ነው የሚሳፈሩት። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ነዳጅ ይሰጣቸዋል፣ ሲያሸንፉ ጓልተር ቢራ ይገዛል፣ ዘንድሮ ደግሞ ቢራው ብዙም አላከሰረውም። ዴሊዮ ከተሰበረ በኋላ መሃል ሜዳው ባዶ ቤት ሆነ፤ የፈለገ ይገባል፣ የፈለገ ይወጣል። ዛሬ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ብናሸንፍም ብንሸነፍም ከመጨረሻው ሁለተኛ ነን፤ ያንኑ ለማረጋገጥ ነው የምንሰበሰበው።

አንድ ነገር ግን በሊጉ ውስጥ ማንም አይወስድብንም፤ በሜዳችን የተጫወተ ቡድን ሳይበላ አይሄድም። ይህን ያስጀመሩት የጓልተርና የኢዳሊና አባት ናቸው። ከአዞረስ ደሴቶች መጥተው የከተማችን ብረት ማቅለጫ ውስጥ ያረጁ ሰው ነበሩ፤ «ያሸነፈህም ሰው ይርበዋል» ይሉ ነበር። ምግቡ አንድ ነው፣ አይለወጥም፦ ሥጋው ከቀረፋ ጋር ሲቀቀል ያድራል፣ ጠዋት ጎመን ይገባበታል፣ መረቁ በደረቅ ዳቦ ላይ ይፈስሳል፣ ናና ይነሰነስበታል። ሥርዓትም አለው። የመጀመሪያውን ሳህን ያበሰለችው ሴት ራሷ ይዛ ወጥታ ለእንግዳው ቡድን አምበል በእጇ ትሰጣለች፤ እሱ ሳይቀምስ ማንም ማንኪያ አያነሳም። ከቶሮንቶ የሚመጡት መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ኋላ እንደሰማነው ግን በየዓመቱ የጨዋታ መርሐ ግብር ሲወጣ አስቀድመው የሚያዩት ወደኛ የሚመጡበትን ቀን ነው። ዴሊዮ በልጅነቱ ቡድኑ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ሳህኑን ይዛ የምትወጣው ኢዳሊና ናት።

ጎመኑን ተሸክማ የመጣችው ዙልሚራ ናት፤ ጎረቤቷ፣ የማዕድ ቤት ጓደኛዋ፣ ወሬ ካደረባት የሚያማት ሴት። የኦሻዋዎቹ የቀድሞ አምበል ሥራ አግኝቶ ወደ አልበርታ መሄዱን፣ አሁን ክንዱ ላይ የአምበልነት ጨርቅ የሚያስረው ያ ቀይ ጠጉራም መሆኑን ሽርጧን ሳትታጠቅ ተረተረችው። «እንግዲህ በእጅሽ ልታበይው ነው» አለች። «እኔ ብሆን ጨዉን አበዛለት ነበር።» ኢዳሊና ድስቱን አማሰለች። የማሊያውን ነገር ልትነግራት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለዙልሚራ መንገር ግን ለሬዲዮ መንገር ነው። እሳቱን ቀነሰችና ልጄን ላየው ብላ ወጣች።

ቤቷ ከክለቡ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው። ዴሊዮ የሚተኛው ምድር ቤት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነው፤ ከተሰበረ ወዲህ ደረጃው ይከብድሃል ብትለው እንቢ ብሎ እዚያው ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በፊት ለአጎቱ ድርጅት ጂፕሰም ይለጥፍ ነበር፣ አሁን እዚያው ቢሮ ተቀምጦ ስልክ ያነሳል። ስትወርድ ተነስቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ እግሩን ዘርግቶ ስልኩን ያያል፤ እሷን ሲያይ ስልኩን ገለበጠው። ጉልበቱን እንደታዘዘው አጥፎ ዘርግቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አዎ አለ። እንዳላደረገው ታውቃለች፤ ሐኪም የሰጠው የላስቲክ መለጠጫ ትናንት እሷ ያስቀመጠችበት ቦታ አለ። ሆኖም ጎበዝ አለችው። ለብዙ ሳምንታት እንዲህ ነው የከረሙት፣ እሱ ይዋሻል፣ እሷ ታመሰግነዋለች።

ላይ ወጥተው አይብና ዳቦ በወተት ቡና በሉ። በሩ ላይ የተሰቀለውን ማሊያ እያሰበች ፊቱን ሰረቅ አድርጋ ታያለች። ያውቅ ይሆን? ቢያውቅ እንዲህ ረግቶ አይበላም ነበር አለች በልቧ። ስለዚህ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ፊት ሊነገረው ነው፤ ያን ማሊያ ያ ሰውዬ ሲረከብ እሱ ዱላውን ተደግፎ ሊያጨበጭብ ነው። ዛሬ ቢቀርስ፣ ሙቀቱም ከባድ ነው፣ እግርህ ያብጣል አለችው። ዴሊዮ የዳቦውን ፍርፋሪ በጣቱ እየሰበሰበ የመጨረሻ ጨዋታ እንዴት ይቀራል አለ። ቆይቶ «እማ፣ ዛሬ እራት ላይ...» ብሎ ጀመረ። ምን ስትለው ትንሽ አሰበና ሥጋው ይበቃል ወይ ልል ነው አለ። ይበቃል አለችው። ሳህኖቹን ሰበሰበች። ወንድም ስለ ዳቦ፣ ልጅ ስለ ሥጋ፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ስለ ምግብ ይጨነቅላታል።

ሜዳው የከተማው ነው፣ ባርተን መንገድ ጫፍ ላይ። የአሜሪካ ኳስ የሚጫወቱትም ስለሚጠቀሙበት ቢጫ መስመር ከነጭ መስመር ተደባልቆ እንግዳ ዳኛ ሁልጊዜ ይደናገራል። መግቢያው አሥር ዶላር ነው፤ ጡረተኞች አምስት ይከፍላሉ፣ የእኛ ጡረተኞች ግን በር ላይ ቆሞ የሚያስከፍለውን ልጅ አያቱን ስለሚያውቁ በነጻ ይገባሉ። የነሐሴ ፀሐይ ብረቱን መቀመጫ ስላጋለው ሰው ጋዜጣና ካርቶን አንጥፎ ተቀምጧል። ኢዳሊና ጥግ ላይ ተቀመጠች። ካይል ብራኒጋን ክንዱ ላይ ጨርቁን አስሮ እየመራቸው ሲገባ አየችው፤ ረጅም፣ አንገቱ በፀሐይ የተለበለበ፣ ገና ከመጀመሩ የደከመው የሚመስል ሰው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው ይባላል። ያን ጊዜ በግንቦት ሆስፒታል ድረስ የዶናት ካርቶን ይዞ መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ያገኘችው እሷ ናት። ልጄ ተኝቷል አለችው፤ አልተኛም ነበር። ካርቶኑን ተቀብላ እሱ ሊፍት ውስጥ ሲገባ ጠብቃ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ አልተጸጸተችበትምም።

ጨዋታው የዓመቱ ታናሽ ወንድም ነበር። በመጀመሪያው ማዕዘን ምት ገባብን፣ ከእረፍት በኋላ ደገሙን፤ የእኛዎቹ ሲሮጡ እግራቸው ሰኞን እያሰበ ነበር። ጓልተር አንድ ጊዜ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ውሃ ገዝቶላታል። ሙቀቱን አማረረ፣ ዳኛውን አማረረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «የምነግርሽ ነገር አለ» ሲላት ከጨዋታው በኋላ አለችው፤ ሸክም የወረደለት ይመስል ቶሎ ተነስቶ ሄደ። ፊሽካው ሲነፋ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። ዴሊዮ ከተጠባባቂዎች ወንበር ተነስቶ በዱላው እየተራመደ መሃል ሜዳ ድረስ ገባ፤ ካይል ሮጦ መጣ፤ ትከሻ ለትከሻ ተቃቀፉ፣ ልጇ የሆነ ነገር ብሎት ሁለቱም ሳቁ። ዴሊዮ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ብዙ ጊዜዋ ነው። የዋህ ነው ልጄ አለች፤ በሰበረው ሰው እቅፍ ውስጥ ይስቃል፣ ማሊያውን እንደወሰደበት እንኳ አያውቅም። ዳቦውን ላሰናዳ ብላ ከሁሉም ቀድማ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ሳህኑን እንደማትሰጥ ለራሷ እየነገረች ሄደች። አባቷ ቢሆኑስ? አባቷ ቢሆኑ ይሰጡ ነበር፣ ያንንም ታውቃለች፤ አባቷ ግን ልጃቸው ተሰብሮ አያውቅም።

አዳራሹ ሞላ። ኦሻዋዎቹ ጸጉራቸው በሻወር እንደረጠበ ረጅሙን ጠረጴዛ በአንድ ወገን ያዙ፣ የእኛዎቹ በሌላው። ከግድግዳው ላይ የድሮዎቹ ቡድኖች ፎቶግራፍ ወደታች ያያል፤ የዋንጫው ሳጥን መስታወት ከተሰነጠቀ ወዲህ በፕላስተር ተይዟል። መረቁ ፈሰሰ፣ ዳቦው ጠጣ፣ የናናው ሽታ አዳራሹ ውስጥ ገባ፤ ሰው ሁሉ ወደ ማዕድ ቤቱ በር አየ። ኢዳሊና የመጀመሪያውን ሳህን ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ራሷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ዙልሚራ መጀመሪያ ያመማት መሰላት። ጊዜው ሲረዝም ግን ገባትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሰዎቹ እየጠበቁ መሆኑን፣ ከቁርስ ወዲህ ሳይበሉ የተጫወቱ ልጆች መሆናቸውን ነገረቻት። ኢዳሊና ዳቦው መረቁን እየጠጣ ሲያብጥ ታያለች። ከአዳራሹ መጀመሪያ ሳል፣ ከዚያ የወንበር ድምፅ፣ ከዚያ ሳቅ የቀላቀለ ሹክሹክታ ተሰማ። አንዱ የእኛ አጥቂ «እትዬ ኢዳሊና፣ ሁለት ለዜሮ ስለተሸነፍን ነው የሚቀጡን?» ብሎ ጮኸና ጎኑን ተጎሸመ።

ጓልተር ገባ። ፊቱ በላብ ወርዝቷል።

«ምን ሆነሻል? ሰው እኮ እየጠበቀ ነው።»

«አልወስድም።»

«እህት ዓለም፣ ዛሬ ብቻ...»

«ማሊያውን ስትሰጠው ሰምቻለሁ።»

«ማነው የነገረሽ?»

«አንተው ነህ። መስኮቷን አሠራ ስልህ አልሰማ ብለህ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ለቀልድ አልሆነም። «ልጄን ሰበረው፣ አንተ ሸለምከው። በሚያዝያ ሲመለስ ምን ለብሶ ሊጫወት ነው ጓልተር? የአባታችን ልጅ ነህ አንተ?»

ጓልተር ይመልሳል ብላ ጠበቀች። ሊጮህ፣ ሊሟገት፣ የክለቡን ችግር ሊደረድር ነው ብላ ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን እንደ ተያዘ ልጅ ወለሉን አየና «ልጅሽን ጠይቂው» አለ። ይህን ሲል ዴሊዮ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለቱንም አየ፣ ሳህኑን አየ። ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሳህኑን በሁለት እጁ አነሳና፣ መረቁ ጠርዙ ላይ እያመነታ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ወጣ። ማንም አላገዘውም፤ እንዴት እንደሚያግዙት አላወቁም። ካይል ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። ሳህኑን ተቀበለ። ቀመሰ። አዳራሹ እፎይ ብሎ ማንኪያውን አነሳ። ኢዳሊና ያን ሁሉ በመስኮቷ አየች። ሥርዓቱን በወንድ እጅ፣ ያውም በተሰበረ እግር፣ ያስፈጸመች የመጀመሪያዋ ሴት መሆኗ ገባት፤ ሽርጧን ሳትፈታ በጓሮ በር ወጣች።

ከማዕድ ቤቱ ኋላ የቆሻሻ ገንዳ የሚቆምበት ጠባብ ግቢ አለ፣ ወደሱም ጥቂት የሲሚንቶ ደረጃዎች ይወርዳሉ። እዚያ ተቀመጠች። አየሩ የብረት ማቅለጫው ሽታ አለው፤ ከውስጥ የማንኪያና የሰው ድምፅ ይመጣል። ዴሊዮ ዱላውን ይዞ መጣ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ከጎኗ ተቀመጠ፣ እግሩን ዘረጋ። አሞሃል አለችው። ትንሽ አለ።

«ካይልን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «አጎቴን አትቀየሚው። መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ አንቺን ፈርቶ።»

ከዚያ ፊቷን ሳያይ ነገራት። ካይል ከሆስፒታሉ በር ከተመለሰ በኋላ መልእክት መላክ አላቆመም። ሰኔ ውስጥ ተገናኝተው ቡና ጠጡ፣ ከዚያ ደግሞ ደጋገሙት። እዚህ ሃሚልተን አንድ የሚሠራ ሕንፃ ላይ ሥራ አግኝቶ በመስከረም ሊዛወር ነው፣ ክለብ ይፈልጋል፣ ጥሩ ተጫዋች ነው። ስድስት ቁጥሩንም ለእሱ ስጡት ያለው ዴሊዮ ራሱ ነው። ጠዋት ሊነግራት ፈልጎ አቃተው። ኢዳሊና እየሰማች አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትጠብቀው፣ ያ ነገር ሳይነሳ ሲቀር ራሷ ጠየቀችው።

«አንተስ በሚያዝያ?»

«እኔ አልመለስም እማ።»

«ሐኪሙ እግርህ ይድናል ብሏል።»

«እግሬማ ይድናል።»

ፍርሃት ነው፣ ተሰብሮ የተመለሰ ስንት አለ፣ ሜዳ ስትገባ ይለቅሃል አለችው። ቃሉ ከአፏ እየቸኮለ ይወጣ ነበር። ዴሊዮ ራሱን ነቀነቀ። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በአውራ ጣቱ እጀታውን ያሻል።

«ያን ቀን ሲመጣ አይቼዋለሁ» አለ። «ከሩቅ ነው የተነሳው። ሸርተቴ እንደሚገባ ገብቶኛል። እግሬን ማንሳት እችል ነበር። አላነሳሁም።»

አልገባኝም አለችው። እግሬን አላነሳሁም ብሎ ደገመላት። ለምን አለችው።

«ደክሞኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እጄን ወደ ጣሪያ ዘርግቼ ጂፕሰም ስለጥፍ እውላለሁ፣ ማታ ልምምድ፣ እሁድ ጨዋታ። ሜዳ ገብቼ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው፣ ስንት ደቂቃ ቀረ እያልኩ። አምና ማቆም ነበረብኝ፣ ካቻምናም። ልነግርሽ ብዬ ስመጣ ስትተኩሺ አገኝሻለሁ፣ ወይ ለዙልሚራ ስለ እሁዱ ጨዋታ ስትነግሪያት። በቃኝ ብልሽ ፊትሽ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ያን ከማይ እግሬ ቢሰበር ቀለለኝ።»

ኢዳሊና፣ እኔ ተጫወት ብዬህ አላውቅም ልትለው አሰበች፤ እውነትም ብላው አታውቅም። ግን ባሏ ከስድስት ዓመት በፊት ከሞተ ወዲህ እሷ የምትስቀው እሁድ እሁድ ብቻ ነበር። ሰኞ ዝም፣ ማክሰኞ ዝም፣ ሐሙስ ላይ ስለ ሥጋው ማሰብ ትጀምራለች፣ ዓርብ ፊቷ ይፈታል፣ እሁድ ከሴቶቹ ሁሉ ድምፅዋ ይሰማል። ልጁ ያንን አይቷል። አይቶም ሳቋን በጀርባው ተሸክሞ ስድስት ዓመት ሮጧል። ይህን እስካሁን ሳታስበው መቅረቷ ገረማት፤ አለማሰብ ጥሩ አድርጋ የምታውቀው ሥራ መሆኑም ገረማት። እጇን አነሳችና ጉልበቱ ላይ አደረገች፤ ጠባሳው ካለበት ከፍ አድርጋ፣ እንዳያመው።

«ካይል ያውቃል?» አለች።

«አያውቅም። እስከ ዛሬ ይቅርታ ይለኛል።»

ተነሳች። ጉልበቷ ቁረጥማት አለው፣ ሲቀመጡ ቀላል ነው ሲነሱ ነው ችግሩ። ማዕድ ቤቱ ውስጥ ዙልሚራ የለችም፣ ጭማሪ እያዞረች መሆን አለበት። በአዳራሹ በኩል ባለው በር ካይል ብራኒጋን ባዶ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሲያያት ፊቱ ከጸጉሩ ጋር አንድ ሆነ። ያጠናው ንግግር እንዳለው ያስታውቃል፣ ገና ሲጀምረው ግን ጠፋው።

«ወይዘሮ ኢዳሊና፣ ስለ ልጅዎ እግር... ሁልጊዜ ነው የማስበው። ኳሷ ላይ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

በጋውን ሁሉ ይህን ቃል ጠብቃለች። ቢመጣ የምትመልስለትን መልስ አልጋዋ ላይ ሆና ስንቴ አሰናድታዋለች፤ አጭር፣ መራራ፣ ሰው ፊት የምትናገረው መልስ ነበር። አሁን ቃሉ እጇ ሲገባ የሌላ ሰው ዕቃ ሆነባት።

«አንተ አይደለህም» አለችው። «እኔ ነኝ።»

ካይል ለማጽናናት ያለችው መሰለው። አይበሉ እንጂ፣ እኔ ነኝ፣ ሁሉም ሰው አይቷል እያለ መሟገት ጀመረ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር። ኢዳሊና ሳህኑን ተቀብላ አስቀመጠችና ወንበር ስባ ትከሻውን ጫን አድርጋ አስቀመጠችው። ከኋላ የዱላው ድምፅ ደረጃውን እየወጣ መጣ። ለልጇም ወንበር ሳበችለት። ዴሊዮ ተቀመጠ፣ ካይልን አየ፣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወና ወደ እናቱ ዞሮ ፊቷን ተመለከተ።

«ንገረው» አለችው። «የእኔን ፊት ማየት ተው።»